የሙርናውን ፊልሞች አጣጥሞ ለማየት፦ ከኮፒው መረጣ እስከ ደረጃው ላይ ጥላ

የሙርናውን ድምፅ አልባ አስፈሪ ፊልም ኖስፌራቱን ከፍቶ በሃያኛው ደቂቃ «ይሄ ነው እንዴ የሚያስፈራው?» ብሎ የዘጋ ሰው ብዙ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የተመልካቹም የፊልሙም አይደለም፤ የኮፒው ነው። ቀለሙ የጠፋ፣ ፍጥነቱ የተዛባ፣ ምስሉ ወደ ጎን የተለጠጠ፣ ሙዚቃው ከየትም ተቃርሞ የተለጠፈበት ፋይል አይቶ ፍሪድሪክ ቪልሄልም ሙርናውን መዳኘት፣ ውኃ የበዛበት ሽሮ ቀምሶ ባለሙያዋን እንደ ማማት ነው። ስለዚህ የዚህ መመሪያ ግማሽ ስለ ፋይል፣ ስለ ቴሌቪዥንና ስለ ክፍሉ መብራት ነው። እነሱ ሲስተካከሉ የሚቀረው ዐይንን ማሠልጠን ነው።

ስለ ሰውየው ባጭሩ። በ1888 ቢለፌልድ ውስጥ ተወለደ፤ የቤተሰቡ ስም ፕሉምፐ ነበር። ሙርናው የሚለውን ስም የወሰደው ባየርን ውስጥ ካለች ትንሽ ከተማ ነው። ሃይደልበርግ የሥነ ጥበብ ታሪክ ተማረ፣ በማክስ ራይንሃርት ቴአትር ሠራ፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት አውሮፕላን አበረረ፣ በ1919 የመጀመሪያ ፊልሙን አወጣ። በ1926 ወደ ሆሊውድ ሄደ። መጋቢት ላይ በ1931 ካሊፎርኒያ ውስጥ በመኪና አደጋ ሲሞት ዕድሜው 42 ነበር። (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ከሠራቸው ሃያ ያህል ፊልሞች ከሲሶ የማያንሱት ጠፍተዋል፤ የ1928ቱን «አራቱ ሰይጣኖች» ሙሉውን አለኝ የሚል ሰው ቢያጋጥምዎ የያዘው ሌላ ፊልም ነው።

1. ኮፒውን መመርመር

ፋይሉን ከማውረድዎ ወይም ማየት ከመጀመርዎ በፊት ሦስት ነገር ይፈትሹ። ምሳሌያችን ኖስፌራቱ ነው፤ በጣም የተበላሹ ኮፒዎች የሚዞሩት የእሱ ናቸውና። ምክንያቱም የታወቀ ነው፦ ፕራና የተባለው አምራች ድርጅት የብራም ስቶከርን «ድራኩላ» የተሰኘ ልቦለድ ያለ ፈቃድ ወስዶ ስም ብቻ ቀይሮ ሠራው፣ የደራሲው ሚስት ፍሎረንስ ስቶከር ከሰሰች፣ በ1925 ኮፒዎቹ እንዲጠፉ ፍርድ ቤት አዘዘ። የተረፉት በየአገሩ ተበትነው የነበሩት ናቸው፤ እነሱም ተቆርጠው፣ ተቀጥለው፣ ጽሑፋቸው ተቀይሮ።

መጀመሪያ ስሞቹን ይዩ። በጽሑፍ ካርዱ ላይ (ምስሉን እያቋረጠ ለብቻው የሚመጣውን ጽሑፍ ማለታችን ነው) ደም መጣጩ ባላባት «ኦርሎክ»፣ ወጣቱ «ሁተር»፣ ሚስቱ «ኤለን» ከተባሉ የጀርመኑን መልክ የጠበቀ ነው። «ድራኩላ» ወይም «ሃርከር» የሚል ካነበቡ ለአሜሪካ ገበያ የተለወጠውን ይዘዋል። ይህን ለማወቅ ሁለት ደቂቃ ይበቃል።

ቀጥሎ ርዝመቱን ያስሉ። የፊልሙ ጥቅል መጀመሪያ 1,967 ሜትር ነበር። በአንድ ሜትር ባለ 35 ሚሊ ሜትር ፊልም ላይ 52.5 ያህል ፍሬሞች (ነጠላ ምስሎች) አሉ፤ ስለዚህ በጠቅላላው ወደ 103,000 ፍሬም ይደርሳል። በሰከንድ 18 ፍሬም ሲታይ 95 ደቂቃ ገደማ ይወስዳል። በሰከንድ 24 ካስኬዱት ግን ወደ 72 ደቂቃ ይወርዳል፣ ሰዉም እንደ ዶሮ ቶሎ ቶሎ ይራመዳል። ድምፅ አልባ ፊልሞች አስቂኝ የሚመስሉት በዚህ ነው፤ በዝግታ የተቀረጸውን ዘመናዊ ማሽን አፋጥኖ ስለሚያሳየው።

አጭር ፋይል ካገኙ ታዲያ የፈጠነ ነው ወይስ የተቆረጠ? እግሮችን ይዩ። ሁተር መንገድ ሲያቋርጥ የሚራመደው በተፈጥሮ ልኩ ከሆነና ፋይሉ ግን 70 ደቂቃ ብቻ ከሆነ ተቆርጧል፤ ሌላ ኮፒ ከመፈለግ በቀር መፍትሔ የለውም። የሚጣደፍ ከሆነ ግን ቪኤልሲ በተባለው የቪዲዮ ማጫወቻ ፍጥነቱን ወደ 0.75 አውርደው ማዳን ይቻላል፤ 18 ለ24 ሲካፈል ማለት ነው። ድምፁን ያጥፉት፣ ሙዚቃው አብሮ ይጎተታልና። አንድ ነገር ግን እንዳያሳስትዎ፦ ጫካው ውስጥ ሁተርን ሊወስድ የሚመጣው ሠረገላ ሆን ተብሎ የተጣደፈና የሚንቀጠቀጥ ነው። እሱን «ለማስተካከል» አይሞክሩ። ዛፉ ነጭ ሰማዩ ጥቁር የሚሆንባት ቁራጭም የፋይል ብልሽት አይደለችም፤ ኔጋቲቩ (ብርሃንና ጥላው ተገልብጦ የሚታይበት፣ ኮፒ የሚታተምበት ፊልም) እንዳለ የገባባት ናት።

ሦስተኛው የቀለም ፈተና ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፣ ፊልሙን የሚገድለውም የሚያድነውም ይህ ነውና። በ1921 ውጭ በሌሊት መቅረጽ በጣም ከባድ ነበር። የሌሊቱ ትዕይንት የተቀረጸው በጠራራ ፀሐይ ሲሆን ኮፒው በኋላ በሰማያዊ ቀለም ተነክሮ ሌሊት ተደረገ። ተመልካቹ ሰማያዊ ሲያይ «መሸ» ብሎ ያነብባል፣ ቢጫ ሲያይ ቀን ወይም የመብራት ብርሃን፣ ሮዝ ሲያይ ንጋት። አሁን ቀለሙ ወጥቶ ጥቁርና ነጭ ብቻ የሆነውን ኮፒ ያስቡ፦ ፀሐይ የምትገድለው ባላባት የሬሣ ሣጥኑን ታቅፎ ጥላው መሬት ላይ ደምቆ እየታየ በቀትር ከተማውን ሲያቋርጥ ይታያል። ፊልሙ ራሱን ያፈረሰ ይመስላል። መጨረሻ ላይ ንጋቱ ሲመጣም ከሌሊቱ ምንም ልዩነት ስለሌለው ኦርሎክ በምን እንደሞተ አይገባዎትም።

ስለዚህ ሣጥን የተሸከመበትን ትዕይንት ፈልገው ያቁሙት። ሰማያዊ ከሆነ ይቀጥሉ። ነጭና ጥቁር ከሆነ ይሰርዙት። በቪስባደን የሚገኘው የሙርናው ፋውንዴሽን በ2006 ያሳደሰው ቅጂ፣ የቀለሙን ነገር በ1922 ከተሠራ ባለቀለም የፈረንሳይ ኮፒ ላይ የወሰደ ነው፤ መጀመሪያ የሚፈልጉት እሱን ይሁን። የሐንስ ኤርድማን የመጀመሪያ ሙዚቃ ዳግም ተዘጋጅቶ አብሮት አለ።

2. ቴሌቪዥኑንና ክፍሉን ማዘጋጀት

የምስሉ ቅርጽ 4 በ3 ነው፤ በሰፊ ስክሪን ላይ ግራና ቀኝ ጥቁር ቦታ መተው አለበት። ቴሌቪዥኑ «ሙሉ ስክሪን» ወይም «ዙም» ላይ ተትቶ ከሆነ ኦርሎክ ይወፍራል። ቀልድ አይደለም፤ ኦርሎክን የሚጫወተው የማክስ ሽሬክ ቅጥነትና የጣቶቹ ርዝመት የሚናው ግማሽ ነው።

ከዚያ የቴሌቪዥኑን ሴቲንግ ውስጥ ገብተው እንቅስቃሴን የሚያለሰልሰውን አማራጭ ያጥፉ፤ ስሙ ከብራንድ ብራንድ ይለያያል፣ ብዙውን ጊዜ «ሲኒማ» ወይም «ሙቪ» የሚለው ሞድ ውስጥ ሲገቡ ራሱ ይጠፋል። ካልጠፋ ቴሌቪዥኑ በፍሬምና በፍሬም መካከል የሌለ ምስል እየፈጠረ ይጨምራል፤ የመቶ ዓመቱ ፊልም በስቱዲዮ የተቀረጸ የቴሌቪዥን ድራማ ይመስላል።

ክፍሉን ያጨልሙ። ፋውስትና ኖስፌራቱ ጥቁር ውስጥ ጥቁር ያለባቸው ፊልሞች ናቸው፤ መጋረጃው ክፍት ከሆነ ያን አያዩም። በደካማ ኢንተርኔት በቀጥታ ከማየት ቀደም ብሎ ማውረድ ይሻላል፤ መስመሩ ሲደክም መጀመሪያ የሚበላሸው ጨለማው ነው፣ ጥላው ካሬ ካሬ ሆኖ ይሰነጣጠቃል። በስልክ አይዩት። ስልክ ብቻ ካለዎት እጅግ ጨለማ ከሆነው ፋውስት ይልቅ «የመጨረሻው ሰው»ን ይምረጡ።

በአንድ ቁጭታ መጨረስ ካልቻሉ በየትም ቦታ አያቋርጡ። ኖስፌራቱ በአምስት ክፍል የተከፈለ ነው፤ ካርዱ ክፍሉ ማለቁን ሲነግርዎ ያቁሙ። ቤተሰብ አብሮ የሚያይ ከሆነ አንድ ሰው ካርዱን በአማርኛ ጮክ ብሎ ያንብብ። ጊዜ አያጥርም፤ ካርዶቹ ረጅም ሰከንድ የሚቆዩት በዝግታ የሚያነብበውም እንዲደርስ ነው።

3. ከየት ይጀመራል?

ሁሉም በኖስፌራቱ ይጀምራል። እኛ ግን በ1924ቱ «የመጨረሻው ሰው» ይጀምሩ እንላለን፤ ሲፈልጉት በእንግሊዝኛው ርዕስ «ዘ ላስት ላፍ» ብለው ይጻፉ። ምክንያታችን ተግባራዊ ነው፦ ሰዎቹ የሚናገሩትን የሚጽፍ ካርድ የለበትም። ጀርመንኛም እንግሊዝኛም የማይችል ሰው ከሚችለው እኩል ይከተለዋል። 90 ደቂቃ ገደማ ነው፣ ታሪኩም በአንድ ዐረፍተ ነገር ያልቃል፦ የትልቅ ሆቴል በረኛ አርጅቶ ከባድ ሻንጣ ተሸክሞ ሲያርፍ ይታይና የጄኔራል የመሰለ ዩኒፎርሙን ተገፎ ምድር ቤት ሽንት ቤት ውስጥ ፎጣ አቀባይ ይሆናል። ዩኒፎርም ለብሶ የሚገባና ሳይለብስ የሚገባ ሰው በሰፈር እንዴት እንደሚለያይ ለአማርኛ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም።

ሁለተኛ ኖስፌራቱን፣ ሦስተኛ የ1926ቱን ፋውስት፣ አራተኛ አሜሪካ ሄዶ የሠራውን የ1927ቱን ሰንራይዝ፣ በመጨረሻም የ1931ዱን ታቡ ይዩ። በሳምንት አንድ ይበቃል። ታርቱፍ የተባለውን ፊልሙን ለጊዜው መዝለል ይቻላል፤ ያልተዋጣለት ሆኖ አይደለም፣ ከእነዚህ ጎን ትንሽ ስለሚሆን ነው። «ሲቲ ገርል» የተባለው ሌላ ፊልሙ ግን በከንቱ የተረሳ ነው፤ ሰንራይዝን የወደደ ሰው የስንዴ ማሳው ውስጥ ሲሮጡ የሚታዩባትን ረጅም ሾት (ሳይቆረጥ የሚሄድ አንድ ቁራጭ) ሳያይ መቅረት የለበትም።

4. «የመጨረሻው ሰው»፦ ካሜራው የት ነው ያለው?

በዚህ ፊልም የሚሠለጥነው አንድ ጥያቄ ነው፦ ካሜራው አሁን የት ነው፣ ወዴትስ ሄደ? ሌላ ነገር አይጻፉ።

የመጀመሪያዋን ሾት ሁለት ጊዜ ይዩ። ካሜራው በሆቴሉ አሳንሰር ውስጥ ሆኖ ወደ ታች ይወርዳል፣ በሩ ሲከፈት አዳራሹን አቋርጦ ወደ ተሽከርካሪው በር ይሄዳል። የካሜራ ባለሙያው ካርል ፍሮይንድ ይህን የሠራው ካሜራውን ይዞ ብስክሌት ላይ ተቀምጦ ነው። ያኔ ካሜራ ከባድ ሣጥን ነበረ፤ ሰው ሁሉ ሦስት እግር ላይ ተክሎ ተዋናዩ እስኪመጣለት ይጠብቅ ነበር። ጀርመኖቹ ይህን አሠራር «ከሰንሰለት የተፈታው ካሜራ» አሉት።

በሠርጉ ሌሊት ሽማግሌው ሲሰክር ደግሞ ፍሮይንድ ካሜራውን ደረቱ ላይ አስሮ እየተንገዳገደ ቀረጸ። ያቺን ትዕይንት ሲያዩ ይለዩ፦ የትኛው ሾት የሰካራሙ ዐይን ነው፣ የትኛውስ ሰካራሙን የሚያይ ሰው ዐይን ነው? አንዳንዴ ተዋናዩ ኤሚል ያኒንግስ ቆሞ ክፍሉ ይዞራል፤ አንዳንዴ ክፍሉ ቆሞ እሱ ይዞራል። ግቢው ውስጥ መለከት ሲነፋም ካሜራው ከመለከቱ አፍ ተነሥቶ ወደ መስኮቱ ሽቅብ ይበራል። ድምፅ በሌለው ፊልም ድምፅ የሚሄድበትን መንገድ ማሳየት ማለት ይህ ነው።

ተሽከርካሪውን በር ይከታተሉት። ሲከበርም ሲዋረድም በዚያ በር ነው። ከበሩ ውጭ የሚታየው ከተማ ስቱዲዮ ውስጥ የተሠራ ነው፤ ከሩቅ ያሉት ሕንፃዎችና መኪኖች አነስ ተደርገው ተሠርተዋል፣ መንገዱ ረጅም እንዲመስል። ምስሉን አቁመው የቅርቡንና የሩቁን መኪና መጠን ቢያነጻጽሩ ብልሃቱ ይገባዎታል።

እዚህ የሚሳሳቱት ምንድን ነው? መጨረሻው። ታሪኩ በሐዘን ሊዘጋ ሲል አንድ ካርድ ይመጣና ደራሲው ለሽማግሌው አዝኖ የማይሆን መጨረሻ እንደሰጠው ይናገራል፤ ከዚያ ሚሊየነር ወራሽ ሆኖ ይበላል ይጠጣል። ብዙ ሰው «አበላሸው» ይላል። ካርዱን በጥሞና ያንብቡት፦ ፊልሙ ራሱ «ይህ በእውነት አይሆንም» እያለ ነው የሚያሳየው። የምግቡ ብዛት፣ የሁሉም ሳቅ የተጋነነው ለዚህ ነው።

ሌላው ችግር የኮፒ ነው። ለጀርመን፣ ለውጭ አገርና ለአሜሪካ የተለያዩ ኔጋቲቮች ስለነበሩ አንዱ ትዕይንት በተለያየ ሾት ሊያጋጥምዎ ይችላል። ምርጡ ለአገር ውስጥ የተሠራው ነው።

5. ኖስፌራቱ፦ የደረጃው ጥላ፣ በወረቀትና በእርሳስ

ፊልሙን አንዴ ሙሉውን ሳያቋርጡ ይዩ። ፍርሃት አይጠብቁ፤ የሚያስደነግጥ ነገር የለውም። ያለው ቀስ እያለ የሚቀርብ ነገር ነው። ከዚያ መጨረሻው ላይ ወዳለው ትዕይንት ይመለሱ፦ ኤለን መስኮቱን ከፍታ ሁተርን ሐኪም እንዲጠራ ትልከዋለች፣ ኦርሎክ ደረጃውን ይወጣል፣ ንጋት ይሆናል።

በመጀመሪያው ዙር ድምፁን አጥፍተው ሾቶቹን ብቻ ይቁጠሩ፤ ምስሉ በተቆረጠ ቁጥር ወረቀት ላይ አንድ ጭረት። በሁለተኛው ዙር ለእያንዳንዱ ጭረት 4 በ3 ሳንቲ ሜትር የሆነች ሣጥን ሥለው ውስጧ ሁለት ነገር ብቻ ያመልክቱ፦ ብርሃኑ ከየት ይመጣል፣ የሚንቀሳቀሰው ነገር ከየትኛው ጠርዝ ገባ? ሥዕል መቻል አያስፈልግም፤ ቀስት ይበቃል። በቪኤልሲ «ኢ» የምትለዋን የላቲን ፊደል ሲጫኑ በአንድ ፍሬም ብቻ ይራመዳል።

ሣጥኖቹን ሲደረድሩ የሚታይዎ ይህ ነው። ደረጃው ላይ ሰውነቱ የለም። ጎባጣ ጥላ፣ የተንጨፈረረ ጣት፣ የደረጃው መደገፊያ። በሩ ላይ እጁ እየረዘመ ይሄዳል። ከዚያ የእጁ ጥላ በኤለን ነጭ ልብስ ላይ ከታች ወደ ላይ ይወጣል፣ ልቧ ላይ ሲደርስ ጭብጥ ይላል፣ እሷም ትንዘፈዘፋለች። አልነካትም። የነካት ብርሃን ያልደረሰበት ቦታ ነው። ይህን ፊልም ከሌሎች የሚለየው እዚህ ላይ ነው፦ ሥጋት ሁልጊዜ ከፍሬሙ ጠርዝ ይገባል፣ መርከቡም እንደዚያው ወደ ወደቡ በጸጥታ ከጎን ተንሸራትቶ ይገባል። መርከቡን አይተው ሣጥን ይሥሩለት፤ ቀስቱ ከደረጃው ጋር ይመሳሰላል።

ጥላው እንዴት ያን ያህል እንደገዘፈ ለመረዳት ቤት ውስጥ ይሞክሩት፣ መብራት የጠፋ ለት ይመቻል። የስልክዎን ባትሪ ከግድግዳው 2 ሜትር ርቀት ላይ ዝቅ አድርገው ያስቀምጡ። እጅዎን ከመብራቱ 1 ሜትር ላይ ሲያደርጉ ጥላው የእጅዎ እጥፍ ይሆናል። ወደ 20 ሳንቲ ሜትር ሲያቀርቡት 10 እጥፍ፤ 18 ሳንቲ ሜትር የሆነ መዳፍ ግድግዳው ላይ 1 ሜትር ከ80 ይሆናል። ጠርዙ የሚሳለው መብራቱ ትንሽ ነጥብ ስለሆነ ነው፤ በትልቅ አምፖል ቢሞክሩት ይደበዝዛል። ከታች ወደ ላይ ሲበራ ደግሞ ጥላው ሽቅብ ይወጣል። ይህን በእጅ የሞከረ ሰው ደረጃውን እንደገና ሲያይ መብራቱ የት እንደተቀመጠ ራሱ ይጠቁማል።

አንድ የተለመደ ስሕተት እንንቀል። ኖስፌራቱን ሰው ሁሉ «ኤክስፕሬሽኒስት» (የውስጥ ስሜትን በተዛባ ቅርጽ የሚገልጽ የጥበብ ዘይቤ) ብሎ ያልፋል። እንደ «የዶክተር ካሊጋሪ» ባሉ ፊልሞች ቤቱም ጥላውም በሸራ ላይ የተሣለ ነው። ሙርናው ግን ካሜራውን ይዞ ወጣ፦ ወደቡ ቪስማር ነው፣ የኦርሎክ የከተማ ቤት የሉቤክ የጨው መጋዘኖች ናቸው፣ ግንቡ ስሎቫኪያ ያለው ኦራቫ ነው። ነፋሱ፣ ሞገዱ፣ ፈረሶቹ እውነተኛ ናቸው። ያልተለመደው ነገር ተራ በሆነ ቦታ ሲቆም ነው የሚከብደው። ኤለን ባሕር ዳር መስቀሎች መካከል ተቀምጣ የምትጠብቅበትን ሾት ይዩ፤ የካስፓር ዳቪድ ፍሪድሪክን ሥዕሎች የሚያውቅ ሰው የሥነ ጥበብ ታሪክ ተማሪውን ሙርናውን እዚያ ያገኘዋል።

ሳይነሣ መታለፍ የሌለበት ነገር አለ። ከምሥራቅ የሚመጣ፣ አፍንጫው የጎበጠ፣ አይጥና ወረርሽኝ ይዞ የሚገባ እንግዳ በዚያ ዘመን ጀርመን ውስጥ ይዞር ከነበረው የጸረ አይሁድ ሥዕል ጋር ይመሳሰላል፤ ተመራማሪዎች ይከራከሩበታል። የስክሪፕቱ ጸሐፊ ሄንሪክ ጋሌንና የሁተርን አለቃ ክኖክን የተጫወተው አሌክሳንደር ግራናክ ግን አይሁዶች ነበሩ። ሁለቱንም ይዘው ይዩት።

6. ፋውስት

አዲስ አበባ ውስጥ ፊልም ሲመጣ ሰዉ ማሳያውን «የሰይጣን ቤት» ብሎት ነበር፤ ለዚያ ስም የሚመጥን ፊልም ካለ ይህ ነው። መጀመሪያ ላይ ሰይጣኑ ሜፊስቶ በከተማው ላይ እንደ ተራራ ቆሞ ካባውን ይዘረጋል፣ ወረርሽኙም ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወርዳል። ከተማው ትንሽ ሞዴል ነው። በካባ ተቀምጠው የሚበሩበት ምድርም ካሜራው በላዩ እንዲጓዝ የተሠራ ሞዴል ነው። ሁለቱን እንደ ብልሃት ሳይሆን እንደ ብርሃን ይዩዋቸው፤ ጭሱ ባይኖር የሞዴሉ ትንሽነት ይጋለጥ ነበር።

መሐሉ ላይ፣ ሜፊስቶ ፋውስት ከሚያፈቅራት ከግሬትሽን አክስት ጋር የሚቀልድበት ክፍል ይረዝማል። ብንዋሽ ምን ይጠቅማል፣ ይሰለቻል። ቡና የሚፈላው እዚያ ላይ ነው። ግሬትሽን ልጇን ይዛ በረዶ ውስጥ የምትንከራተትበት ላይ ግን ተመልሰው ይቀመጡ። ከዚህም ፊልም በርካታ ኔጋቲቮች ተሠርተው ነበር፤ ለረጅም ጊዜ በየቦታው የታየው ለውጭ የተላከው ደካማው ነው፣ የታደሰውን የአገር ውስጥ ቅጂ ይፈልጉ።

7. ሰንራይዝ፦ እዚህ ላይ ድምፁን አያጥፉ

ቀደም ብለን ድምፁን አጥፉ ስንል ከርመን እዚህ እንቃረናለን፣ ምክንያት አለው። ይህ ፊልም በሞቪቶን ዘዴ ሙዚቃውና ድምፁ በፊልሙ ጠርዝ ላይ ተቀርጾበት ወጥቷል፤ የሁጎ ሪዘንፌልድ ሙዚቃ የፊልሙ አካል ነው። ባልየው በሐይቁ ላይ ሚስቱን ሲጣራ የሰው ድምፅ አይሰማም፤ በጥሪው ቦታ ቀንደ መለከት ይነፋል። ፍጥነቱንም አይንኩ፣ 24 ነው። የምስሉም ቅርጽ ከ4 በ3 ጠበብ ብሎ ወደ 1.2 ለ1 ይጠጋል፤ የድምፁ መስመር ከጎኑ ቦታ ስለወሰደ ነው። ፕራግ ውስጥ የተገኘው ድምፅ የሌለው ቅጂ ምስሉ ሰፋ ይላል፣ ርዝመቱ ግን ያጥራል። መጀመሪያ ባለድምፁን፣ 94 ደቂቃ ገደማ የሆነውን ይዩ። የመጀመሪያው ኔጋቲቭ በ1937 በፎክስ መጋዘን ቃጠሎ ስለጠፋ፣ በጣም የጠራ ምስል አይጠብቁ።

የሚያጠኗት ሾት የረግረጉ ናት። ባልየው በጨረቃ ከከተማ የመጣችውን ሴት ሊያገኝ ይሄዳል። ካሜራው ይከተለዋል፣ ከጎኑ ይደርሳል፣ ከዚያ ትቶት በቅጠሎቹ መካከል ብቻውን ቀድሞ ይገባና ሴትየዋን ያገኛታል፤ እሱ በኋላ ይመጣል። ይህ ሁሉ ሳይቆረጥ ነው፤ ካሜራው የተንጠለጠለው ከስቱዲዮው ጣሪያ ላይ በተዘረጋ ሐዲድ ነው። ሲያዩ እጅዎን አንሥተው ካሜራው ከሰውየው ዐይን የተለየባትን ቅጽበት ያመልክቱ። ከዚያች ቅጽበት በኋላ የምናየውን ማን ነው የሚያየው? መልሱን ሁለት ሰው ለየብቻ ጽፎ ቢያስተያይ ጥሩ ነው።

ባልየውን የሚጫወተውን የጆርጅ ኦብራየንን አረማመድም ይመልከቱ፤ ጫማው ውስጥ እርሳስ ብረት ተደርጎበት ነበር ይባላል፣ በመጀመሪያው ክፍል ትከሻው እንደ ኦርሎክ የሚጎብጠው በከንቱ አይደለም። በ1929 የመጀመሪያው የኦስካር ሥነ ሥርዓት ላይ ፊልሙ ልዩና ጥበባዊ ሥራ ተብሎ ተሸልሟል፤ የካሜራ ባለሙያዎቹ ቻርልስ ሮሸርና ካርል ስትረስም ተሸልመዋል።

ብዙ ተመልካች የሚቸገረው ሊገድላት የነበረን ባል እንዴት ቶሎ ይቅር አለችው በሚለው ነው። የትራሙን ጉዞ ዘልለው ከሆነ በእርግጥም ቶሎ ነው። ትራሙ ከጫካ ተነሥቶ ከተማ እስኪገባ ሁለቱ አይነጋገሩም፣ ከመስኮቱ ውጭ ያለው ዓለም ብቻ ይቀየራል። ያን ጉዞ ስልክ ሳይነኩ ይቀመጡበት።

8. ታቡ

ቦራ ቦራ ደሴት ላይ በአካባቢው ሰዎች የተሠራ ነው፤ የዘጋቢ ፊልም ሠሪው ሮበርት ፍላኸርቲ አብሮት ጀምሮ ተለያዩ። ካሜራውን የያዘው ፍሎይድ ክሮዝቢ ኦስካር አግኝቶበታል። ሙርናው ፊልሙ ለሕዝብ ሊቀርብ ሳምንት ሲቀረው ሞተ።

ካርድ የለውም ማለት ይቻላል፤ የሚነበበው ደብዳቤና ትእዛዝ ብቻ ነው። ለኖስፌራቱ የሠሯቸውን ሣጥኖች አውጥተው አጠገብዎ ያስቀምጡ። ሽማግሌው ሂቱ የተከለከለችውን ልጅ ሊወስድ በጨረቃ በሩ ላይ ሲቆም ቀስቱ ከየት እንደሚመጣ ያወዳድሩ፤ ጥርስ የለውም፣ ጣቱም አልረዘመም፣ አመጣጡ ግን አንድ ነው። መጨረሻ ላይ ጀልባው ሸራውን ነፍቶ ይሄዳል፣ ልጅቷን የሚያፈቅረው ወጣት በዋና ይከተላል፣ ከጀልባው የተንጠለጠለውን ገመድ ይይዛል። እዚህ አያቁሙ፣ አይጻፉም። ሂቱ ገመዱን ሲቆርጥ ፊቱን ይዩ፦ ቁጣ የለበትም። ከዚያ ጀልባው ይርቃል፣ የሚዋኘው እጅ እየዘገየ ይሄዳል፣ ውኃው ይዘጋል።